ክፍያው የተቋረጠበት ተንቀሳቃሽ ቤት፦ በዱቤ የተሸጠን ንብረት ስለ ማስመለስ በፊቅህ እይታ

መግቢያ

ሱረቱን ነሕል በ80ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ለባሮቹ ከዋላቸው ጸጋዎች መካከል ሁለት ዓይነት ቤቶችን ይጠቅሳል። አንደኛው ሰው የሚረጋበት ቋሚ መኖሪያ ነው። ሁለተኛው ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራ፣ በጉዞም በሰፈራም ቀን ለመሸከም የሚቀል ቤት ነው። ይህ ገለጻ ለአዋሽ ሸለቆ ሰው እንግዳ አይደለም። የዐፋር ሴቶች ከተቆለመሙ እንጨቶችና ከዘምባባ ሰሌን የሚያቆሙት ዓሪ፣ ግጦሽና ውኃ ሲርቅ ፈርሶ በግመል ጀርባ የሚጓዝ ቤት ነው።

በአዋሽ ሰባት ኪሎ ግን ዛሬ ሌላ ተንቀሳቃሽ ቤትም አለ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ለሁለት የሚከፈልባት ናት፤ አንዱ በሚሌና በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይሄዳል። የአገሪቱ አብዛኛው የባሕር ጭነት በዚህ መሥመር ስለሚያልፍ፣ አገልግሎቱን የጨረሰ የመርከብ ኮንቴይነር በመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞች በር ተበጅቶለት፣ መስኮት ተቆርጦለት ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ማደሪያ ይሆናል። ዋጋው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ስላልሆነ ብዙ ጊዜ በዱቤ፣ በየወሩ ክፍያ ይሸጣል። ከዚያ ገዢው መክፈል ያቆማል። ሻጩም ክሬንና የጭነት መኪና ይዞ ይመጣል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያችን ሰዓት ነው። ሻጩ ኮንቴይነሩን አንሥቶ መሄድ ይችላልን? ከሄደስ እስከዚያ የተከፈለው ገንዘብ የማን ነው? በሽያጭ ውሎች ውስጥ «ገዢ ክፍያ ካቋረጠ ንብረቱ ለሻጭ ይመለሳል፤ የተከፈለውም አይመለስም» የሚል አንቀጽ ሲገባ እናያለን። ሁለቱ ወገኖች ሙስሊሞች፣ ምስክሮቹም ሰጋጆች ሆነው ሳለ ይህን አንቀጽ ከሸሪዓ ጋር የሚያስተያየው ግን ጥቂት ነው። በምርመራችን መጨረሻ እንደሚታየው፣ ፊቅህ ለሻጩ መብቱን የሚያገኝባቸው በርካታ በሮች ከፍቶለታል፤ ይህ አንቀጽ ግን ከእነዚያ በሮች አንዱም አይደለም።

ጉዳዩን በቁጥር ለመያዝ

ለስሌት እንዲመች አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ነጋዴ ኮንቴይነሩን በ300,000 ብር፣ በየወሩ 15,000 ብር በ20 ወራት እንዲከፈለው ሸጠ። ገዢው ለ12 ወራት 180,000 ብር ከከፈለ በኋላ አቆመ። ቀሪው ዕዳ 120,000 ብር ነው። በዚያን ቀን ኮንቴይነሩ በገበያ 240,000 ብር ያወጣል እንበል። ከላይ የጠቀስነው አንቀጽ ሥራ ላይ ከዋለ ሻጩ 180,000 ብር በእጁ አስቀርቶ 240,000 ብር የሚያወጣ ንብረት ይወስዳል። በ300,000 ብር የሸጠው ሰው 420,000 ብር ያገኛል ማለት ነው፤ ገዢው ደግሞ ቤቱንም የአንድ ዓመት ልፋቱንም ያጣል። በሚከተሉት ክፍሎች ይህንኑ ምሳሌ እያነሣን እያንዳንዱ ብያኔ የት እንደሚያደርሰን እናያለን።

ንብረቱ የማን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። በፊቅህ ሽያጭ በኢጃብና በቀቡል፣ ማለትም በማቅረብና በመቀበል ሲጸና የተሸጠው ዕቃ የገዢው ሀብት፣ ዋጋው ደግሞ በገዢው ዚማ ላይ ያለ ዕዳ (ደይን) ይሆናል። ዋጋው በሙሉ አለመከፈሉ ዕቃውን በሻጩ ሀብትነት አያቆየውም። ስለዚህ ክፍያ ያቆመ ገዢ የሰው ንብረት የያዘ ሰው አይደለም፤ የራሱን ንብረት ይዞ ዕዳ ያለበት ሰው ነው። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

ወገኖቹ «ዋጋው እስኪያልቅ ባለቤትነቱ በሻጩ ይቆያል» ብለው ቢዋዋሉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ሽያጭ ያውቀዋል፤ ባለቤትነትን ለሻጩ በማቆየት የሚደረግ ሽያጭ ከልዩ የሽያጭ ዓይነቶች አንዱ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ግን ከውሉ መሠረታዊ ውጤት ጋር የሚጋጭ ሸርጥ አድርገው ያዩታል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በሻዕባን 1410 ሂጅሪያ (መጋቢት 1982 ዓ.ም.) በጅዳ ባደረገው ስድስተኛ ጉባኤው፣ ስለ ክፍያ በክፍያ ሽያጭ ባወጣው 51ኛ ውሳኔው፣ ሻጩ ከሽያጩ በኋላ የዕቃውን ባለቤትነት ይዞ የመቆየት መብት እንደሌለው ገልጿል። በዚያው ውሳኔ ግን ሻጩ የተሸጠውን ዕቃ ለዋጋው መያዣ (ረህን) እንዲሆን ሸርጥ ማድረግ እንደሚችል አስቀምጧል። የሻጩ ስጋት አልተናቀም፤ ወደ ሌላ ውል ተመርቷል። የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና ኦዲት ድርጅት (አዮፊ) ስለ ሙራበሓ ባወጣው 8ኛ የሸሪዓ ደረጃም እንዲሁ ነው፤ ባለቤትነትን ማቆየት ይከለክላል፣ የስም ዝውውሩን ምዝገባ ግን ለዋስትና ሲባል እስከ ክፍያው ፍጻሜ ማዘግየትን ይፈቅዳል።

ከዚህ አንድ ፍሬ ነገር ይወጣል። ሻጩ የወሰደውን 180,000 ብር «የአሥራ ሁለት ወር ኪራይ ነው» ብሎ ሊያስቀረው አይችልም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ላይ የቆመው መርሕ ጥቅም ኃላፊነትን ተሸካሚ ለሆነው ነው የሚል ነው። በእነዚያ ወራት ኮንቴይነሩ በእሳት ቢነድ ወይም በጎርፍ ቢሄድ ኪሳራው የገዢው ነበር፤ ዕዳውም አይቀርለትም ነበር። ኃላፊነቱን የተሸከመው እርሱ ከሆነ የመጠቀሙም መብት የእርሱ ነው፤ ለራሱ ንብረት ኪራይ አይከፍልም።

ሁለት ዓይነት ገዢ

ክፍያ ያቆመ ሁሉ አንድ አይደለም። ፊቅህ ከማናቸውም ብያኔ በፊት ያለው ነገር ግን የማይከፍለውን (ሙማጢል) ከሌለው (ሙዕሲር) ይለያል።

የመጀመሪያውን በተመለከተ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ የባለጸጋን ዕዳ ማጓተት ግፍ ብሎ ይጠራዋል። በሌላ ዘገባ ደግሞ የሚከፍለው እያለው የሚያጓትት ሰው ክብሩን ለወቀሳ፣ ራሱንም ለቅጣት እንደሚያጋልጥ ተነግሯል። ይህን ሰው ቃዲ ያስገድደዋል፣ ያስራል፣ ከንብረቱም ሸጦ ይከፍልለታል።

ሁለተኛውን በተመለከተ የሱረቱል በቀራህ 280ኛ አንቀጽ ግልጽ ነው፤ በችግር ላይ ያለ ባለዕዳ እስኪያገኝ መቆየት ግዴታ፣ ዕዳውን መተው ደግሞ በላጭ ነው። የፊቅህ አካዳሚው በ1412 ሂጅሪያ ባደረገው ሰባተኛ ጉባኤ፣ መቆየትን የሚያስገድደው ችግር ባለዕዳው ከመሠረታዊ ፍላጎቱ የሚተርፍና ዕዳውን በገንዘብም ሆነ በዓይነት የሚከፍልበት ሀብት ማጣቱ መሆኑን አብራርቷል።

ይህ ልዩነት በአዋሽ አካባቢ በቅርቡ ተፈትኗል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ የደረሰው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ በታኅሣሥና በጥር ወራት በርትቶ፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው በጊዜያዊ መጠለያ እንዲያድሩ አድርጓል። ደንበኞቹ የተበተኑበት ባለ ሱቅ በዚያ ወር ክፍያ ቢያቋርጥ፣ ገበያው ደርቶለት ገንዘቡን ወደ ሌላ ንግድ ካዞረው ሰው ጋር እንዴት ይተካከላል?

ልዩነቱ ግን በቃል ብቻ አይረጋገጥም። በአካባቢው በስፋት የሚቀራው የሻፊዒያ መዝሀብ ዋና ድርሳን፣ የኢማም አን-ነወዊ (676 ሂጅሪያ የሞቱ) ሚንሃጅ፣ ዕዳው እንደ ግዢና ብድር ካለ ሀብት ከተገኘበት ግንኙነት የመጣ ከሆነ «የለኝም» የሚለው ባለዕዳ ማስረጃ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ሀብት በእጁ መግባቱ ታውቋልና መጥፋቱን የሚናገረው እርሱ ነው። ምስክሮቹም የውስጥ ኑሮውን የሚያውቁ ሊሆኑ ይገባል። ከሽያጭ ባልመጣ ዕዳ ላይ ግን በመሐላው ይታመናል። እንግዲህ የኮንቴይነሩ ገዢ ችግሩን በጎረቤቶቹና በገበያ ጓደኞቹ ምስክርነት ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ካሳየ በኋላ ግን ማሠርም ሆነ ማዋከብ ሐራም ይሆናል።

ኪሳራና የሻጩ ቅድሚያ መብት

ሻጩ የገዛ ዕቃውን መልሶ እንዲወስድ በግልጽ የሚፈቅደው ምንጭ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ በቡኻሪና በሙስሊም የሚገኘው ሐዲስ ነው። ፍሬ ሐሳቡ፣ ንብረቱን እንዳለ በከሰረ ሰው ዘንድ ያገኘ ከሌሎች ይልቅ ለእርሱ የተገባ ነው የሚል ነው። ብዙ ሻጮች ተግባራቸውን የሚደግፉት በዚህ ሐዲስ ነው፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ እንዴት እንደተረዱት በዝርዝር ማየት ይገባል።

ኢማም ማሊክ፣ ኢማም ሻፊዒና ኢማም አሕመድ ሐዲሱን በሻጭ ላይ ይሠሩበታል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን ዕቃው በሽያጭ ከገዢው ሀብት ስለገባ ሻጩ ከሌሎች ባለዕዳ ጠያቂዎች ጋር እኩል ነው ይላሉ፤ ሐዲሱንም በአደራ፣ በውሰትና በዘረፋ በተያዘ ንብረት ላይ ይተረጉሙታል።

ሐዲሱን በሻጭ ላይ የሚሠሩትም በአንድ ነጥብ ይለያያሉ፤ እርሱም የእኛው ነጥብ፣ የዋጋው ከፊል ከተከፈለስ የሚለው ነው። በሙወጠእ ውስጥ በአቡ በክር ቢን ዐብዱረሕማን በኩል በሙርሰል የመጣው ዘገባ፣ ሻጩ ከዋጋው ምንም ያልተቀበለ መሆኑን ይጨምራል። በዚህም ኢማም አሕመድ ሻጩ ከዋጋው ጥቂት እንኳ ከተቀበለ የመመለስ መብቱ ይወድቃል፤ በቀሪው ዕዳ ከሌሎች ጋር ይካፈላል ይላሉ። ኢማም ማሊክ ምርጫ ይሰጡታል፤ የተቀበለውን መልሶ ዕቃውን ይወስዳል፣ ወይም ዕቃውን ትቶ ከጠያቂዎቹ ጋር ይካፈላል። ኢማም ሻፊዒ በአዲሱ ቀውላቸው ባልተከፈለው ዋጋ መጠን ብቻ ከዕቃው ይመለስለታል ይላሉ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በማሊኪያ ሻጩ 180,000 ብር ከፍሎ ኮንቴይነሩን ይረከባል፣ ወይም በ120,000 ብር ዕዳ ከሌሎች ጋር ይሰለፋል። በሻፊዒያ ያልተከፈለው ከዋጋው ሁለት አምስተኛ ስለሆነ ሻጩ የኮንቴይነሩ ሁለት አምስተኛ ባለቤት ይሆናል፤ በ240,000 ብር ቢሸጥ 96,000 ብር የእርሱ፣ 144,000 ብር የገዢው ጠያቂዎች ይሆናል። በሐንበሊያና በሐነፊያ ዕቃው አይመለስም። የሁሉም መደምደሚያ ይለያያል፤ ነገር ግን ዕቃውንም ገንዘቡንም ጠቅልሎ ለሻጩ የሰጠ መዝሀብ የለም።

ሻፊዒያ ከዚህ ሌላ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። የክፍያው ጊዜ የደረሰ፣ ዕቃውም በገዢው ሀብትነት ያለና ለሌላ ሰው በመያዣ ያልተሰጠ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ዋጋው ሊገኝ ያልቻለበት ምክንያት ኪሳራ (ኢፍላስ) ሆኖ፣ ቃዲ በገዢው ሀብት ላይ እገዳ የጣለ መሆን ይኖርበታል። ነወዊ በግልጽ እንዳስቀመጡት፣ ገዢው ሀብታም ሆኖ ለመክፈል እምቢ ቢል ወይም ቢሰወር በትክክለኛው አቋም ሻጩ ውሉን አያፈርስም፤ ምክንያቱም መብቱን በቃዲ በኩል ማግኘት ይቻላል። ብዙውን ጊዜ ክሬን የሚጠራው ግን በዚህ ሁኔታ ነው። ኪሳራው ከተረጋገጠ ደግሞ ሻጩ ወዲያው መወሰን አለበት፤ ምርጫው ሳይዘገይ የሚፈጸም ነውና።

ኮንቴይነሩ ከተለወጠስ? በተፈጥሮ አደጋ ተጎድቶ ከሆነ ሻጩ እንደጎደለ ይወስደዋል፣ ወይም በዕዳው ይካፈላል። ገዢው በሥራ ዋጋውን ከፍ አድርጎት ከሆነ፣ ሊቃውንቱ ስለታጠበ ወይም ስለቀለመ ጨርቅ እንደተናገሩት፣ የከሰረው ሰው በጭማሪው ተካፋይ ነው። በብየዳ የተበጀ በርና መስኮትም ከዚህ የሚርቅ አይመስለንም።

መኖሪያ ሲሆን

ኮንቴይነሩ ሱቅ ሳይሆን ቤተሰብ የሚያድርበት ቢሆን አንድ ጥያቄ ይጨመራል። የከሰረ ሰው መኖሪያ ለዕዳው ይሸጣልን? ሻፊዒያ በትክክለኛው አቋም ይሸጣል ይላል፤ የሚተውለት ተገቢ ልብስና በክፍፍሉ ቀን የሚበላው ነው። ሐንበሊያ ግን የማይተካ መኖሪያ አይሸጥም፤ ባለዕዳው በኪራይ እንዲኖር አይገደድም ይላል። ኢብን ቁዳማ (620 ሂጅሪያ የሞቱ) ይህን ሲያትቱ አንድ ነገር ለይተው ያወጣሉ፤ ቤቱ ራሱ ዋጋው ያልተከፈለ የጠያቂው ዕቃ ከሆነ ሻጩ ሊወስደው ይችላል። የሰው መጠለያ የተከበረ ነው፤ ሆኖም በሰው ገንዘብ የቆመ መጠለያ የሻጩን መብት አያጠፋም። ይህም በሐንበሊያ ሥርዓት ከዋጋው ምንም ያልተቀበለውን ሻጭ የሚመለከት መሆኑን አንዘንጋ። በምሳሌያችን ውስጥ ያለ ቤተሰብ በሐንበሊያ ቤቱን አያጣም፤ በሻፊዒያ ሊያጣ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን የከፈለውን ድርሻ አያጣም።

ረህን፦ የተከፈተው በር

ሻጩ ከኪሳራ ክርክር በፊት ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ መያዣ ነው። የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ዕዳን መጻፍና ማስመስከርን፣ 283ኛው ደግሞ መያዣ መቀበልን ይደነግጋሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው በመዲና ከአንድ አይሁዳዊ እህል በዱቤ ወስደው ጥሩራቸውን ማስያዛቸው የታወቀ ነው።

በረህን ውስጥ ሦስት ነገሮች መጠንቀቅ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው፣ መያዣ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር በራሱ የጠያቂው ንብረት አይሆንም። በጃሂሊያ ዘመን የነበረውን ይህን ልማድ ሐዲስ አስቀርቶታል፤ «ካልከፈልኩ ዕቃው የተሸጠልህ ይሁን» የሚል ሸርጥም ፈሳሽ ነው። መያዣው ይሸጣል፤ ጠያቂው ዕዳውን ይወስዳል፤ ትርፉ ለባለንብረቱ ይመለሳል፤ ከጎደለም ዕዳው ይቀጥላል። በምሳሌያችን 240,000 ብር ከወጣ ሻጩ 120,000 ብሩን ይወስዳል፣ ቀሪው 120,000 ብር ለገዢው ይመለሳል። ማንም አልተበደለም።

ሁለተኛው የመሸጫው አካሄድ ነው። ባለዕዳው ይሸጣል፤ እምቢ ካለ ቃዲ ያስገድደዋል ወይም ይሸጥበታል። ጠያቂው በባለዕዳው ፈቃድ ራሱ ቢሸጥ፣ በሻፊዒያ ትክክለኛ አቋም ባለዕዳው በተገኘበት ከሆነ ይጸናል፤ በሌለበት ከሆነ አይጸናም፤ ለራሱ በመቸኮል ይጠረጠራልና። በሌሊት ከመጫን ይልቅ በቀን፣ በገበያ፣ ባለቤቱ ቆሞ እያየ እንዲሸጥ ያደረገው ይህ ጥንቃቄ ነው። ሁለቱ የሚያምኑት ሦስተኛ ሰው (ዐድል) እንዲሸጥ መወከልም ይቻላል።

ሦስተኛው ለሻፊዒያ ተከታይ ልዩ ማሳሰቢያ ነው። በዚህ መዝሀብ የተሸጠውን ዕቃ ራሱን ለዋጋው መያዣ እንዲሆን በሽያጩ ውስጥ ሸርጥ ማድረግ ሽያጩን ያበላሻል፤ ገዢው ገና ያልያዘውን እንዲያስይዝ ያስገድዳልና። ሐንበሊያ ይፈቅደዋል፤ የፊቅህ አካዳሚውም የወሰደው ይህንኑ ነው። ከመዝሀቡ መውጣት የማይፈልግ ሰው ሽያጩን ያለ ሸርጥ ፈጽሞ፣ ገዢው ኮንቴይነሩን ከተረከበ በኋላ በተለየ ውል ያስይዘዋል፤ ወይም ሌላ ንብረት ያስይዛል፣ ዋስ (ከፊል) ያቀርባል።

በአገራችን ሕግ በኩልም ይህ መንገድ ክፍት ነው። ኮንቴይነር ጠባዩን ሳያጣ ከቦታ ቦታ ስለሚዛወር ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፤ የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ በእንዲህ ያለ ንብረት ላይ ያለ ዋስትና በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው መዝገብ የሚመዘገብበትን ሥርዓት ዘርግቷል። መመዝገቡ ገዢው ንብረቱን ለሌላ በድጋሚ እንዳያስይዝ ይጠብቃል፤ ለሻጩም ለሦስተኛ ወገንም ይበጃል።

«መብቴን ራሴ ብወስድስ?»

ዐሊሞች ያላቸው ሻጭ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ፊቅህ መስአለቱዝ-ዘፈር በሚባለው ርዕስ፣ መብቱን የተነፈገ ሰው የባለዕዳውን ሀብት ሲያገኝ ያለ ቃዲ እንዲወስድ አይፈቅድምን? ሻፊዒያ በእርግጥ ይህን በር አስቀምጧል፤ ነገር ግን ጠባብ ነው። ዕዳው ለመክፈል እምቢ ባላለ ሰው ላይ ከሆነ መጠየቅ እንጂ መውሰድ አይፈቀድም፤ ችግረኛው እዚህ ውስጥ ነው። እምቢ ባለው ላይ ደግሞ የሚወሰደው ከመብቱ ዓይነት፣ ማለትም ገንዘብ ነው፤ ሌላ ዓይነት የሚወሰደው እርሱ ሲታጣ ብቻ ነው፤ ያም ተሽጦ ከመብቱ በላይ ያለው ይመለሳል። የዓይን ንብረትን በራስ መውሰድ እንኳ ፊትና የሚፈራ ከሆነ ወደ ቃዲ ይዞራል። ጎሣና ዝምድና በጠነከረበት አገር፣ ሰው የሚያድርበትን ቤት በክሬን ማንሣት ፊትና የማያስነሣበት ሁኔታ ብዙም አይታየንም።

መዘግየትና ወለድ

ሻጩ መታገሥ ሲመርጥ የሚፈተንበት ሌላ ነገር አለ፤ በዘገየው ወር ልክ ጭማሪ መጠየቅ። የዱቤው ዋጋ ከእጅ በእጅ ዋጋ መብለጡ፣ በውሉ ጊዜ ተቆርጦ እስከታወቀ ድረስ፣ ብዙኃኑ ሊቃውንት የፈቀዱት ነው። ከተዋዋሉ በኋላ በመዘግየት ምክንያት የሚጨመረው ግን፣ አስቀድሞ ቢስማሙበትም ባይስማሙበትም፣ ሪባ ነው፤ 51ኛው የአካዳሚው ውሳኔ ይህንንም ደንግጓል። የተፈቀደው፣ ገዢው አንዳንዱን ክፍያ ሲያጓትት ቀሪው በሙሉ ጊዜው እንደደረሰ እንዲቆጠር መስማማት ነው። አዮፊ ደግሞ አጓታች ባለዕዳ ለበጎ አድራጎት የሚውል ገንዘብ እንዲሰጥ አስቀድሞ ቃል መግባቱን ይቀበላል፤ ከዚያ ለሻጩ አንድ ሳንቲም አይገባም። ጉዳዩ በመደበኛ ፍርድ ቤት ከታየ ሕጉ ለዘገየ ገንዘብ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ያስባል። ሙስሊም ጠያቂ ይህን በክሱ አለመጠየቅ ወይም መተው ይገባዋል።

ወደ ማን ይኬዳል?

በፊቅህ መጻሕፍት ቃዲ ተብሎ የተጻፈውን ሁሉ ዛሬ ባሉት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች መተርጎም ስሕተት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደው በግልና በቤተሰብ ጉዳዮች ነው። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ሥልጣናቸውን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነት፣ በውርስ፣ በስጦታ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ላይ ወስኖ፣ የሁለቱን ወገኖች ፈቃድ ይጠይቃል። የሽያጭ ክርክር ከእነዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ ማስገደድ፣ ማገድና ማሸጥ የመደበኛ ፍርድ ቤት ሥራ ነው። ከዚያ በመለስ ግን ወገኖቹ በፈቃዳቸው ዐሊምና ሽማግሌ ፊት ሱልሕ ማድረግ ይችላሉ፤ የዐፋር መድዓም በሽማግሌ ጉባኤ መግባባትን ያስቀደመ ሥርዓት ስለሆነ ለዚህ ምቹ ነው።

ከሱልሕ መንገዶች ሁሉ ቀላሉ ኢቃላ፣ ማለትም ውሉን በስምምነት ማፍረስ ነው። የተጸጸተን ተዋዋይ ከውሉ ያወጣ ሰው አላህ ስሕተቱን እንደሚተውለት ሐዲስ ያበስራል። ኢቃላ በሻፊዒያ ውሉን ማፍረስ እንጂ አዲስ ሽያጭ ስላልሆነ በመጀመሪያው ዋጋ፣ ያለ ጭማሪና ያለ ቅናሽ ይፈጸማል። ሻጩ ኮንቴይነሩን ይረከባል፣ 180,000 ብሩን ይመልሳል። ኮንቴይነሩ ገበያው ከፍ ካለ ለሻጩ ትርፍ ነው፤ ዝቅ ካለም የትዕግሥቱ ምንዳ አለ። ገዢው በእርግጥ የቸገረው ሆኖ ዕዳው ከከበደው፣ በሱረቱት-ተውባህ 60ኛ አንቀጽ ከተጠቀሱት ስምንት የዘካ ተቀባዮች መካከል ባለዕዳዎች መኖራቸው የመስጊዱ ጀመዓም ድርሻ እንዳለበት ያሳያል።

ሻጭ ባለቤትነቱን ይዞ መቆየት በእርግጥ ከፈለገ፣ ትክክለኛው ውል ሽያጭ ሳይሆን በባለቤትነት የሚያበቃ ኪራይ (ኢጃራ ሙንተሂያ ቢት-ተምሊክ) ነው። ያኔ ኪራይ ሲቋረጥ ንብረቱን መውሰድ ይችላል። ነገር ግን ባለቤትነት ያለ ሸክም አይገኝም፤ የኮንቴይነሩ መጥፋት ኪሳራና መሠረታዊ ጥገናው በእርሱ ላይ ይወድቃል። በአዮፊ 9ኛ ደረጃ መሠረትም፣ ኪራዩ በተከራዩ ጥፋት ሳይሆን በሌላ ምክንያት ከተቋረጠ፣ ከገበያ ኪራይ በላይ የተከፈለው ለተከራዩ ይመለሳል። በአገራችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ በመጀመራቸው የሙራበሓና የኢጃራ ውሎች ለሕዝብ እየቀረቡ ናቸው፤ በገበያ የሚደረገው የግለሰብ ሽያጭ ግን አሁንም በጸሐፊና በምስክር የሚያልፍ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው የምንወስደው፣ በውሉ ቀን ሊደረግ የሚገባውን ነው። ዋጋውና የክፍያው ቀናት ተለይተው ይጻፉ። ዋስትናው ባለቤትነትን በማቆየት ሳይሆን በመያዣና በዋስ ይሁን። ክፍያ ሲጓተት ቀሪው እንደሚደርስ ይገለጽ፤ የመዘግየት ጭማሪ ግን አይግባ። መያዣው በማን ፊትና በማን እጅ እንደሚሸጥ፣ ትርፉም ለገዢው እንደሚመለስ በአንድ መስመር ይጻፍ። ችግር ሲመጣ ገዢው ቀድሞ ያሳውቅ፣ ምስክር ያቅርብ፤ ሻጩም ከመጫኑ በፊት ያጣራ።

«የተከፈለውም አይመለስም» የሚለው አንቀጽ በሁለት ፈራሚዎች ስምምነት ቢጻፍም ሐላል አይሆንም፤ የሰውን ሀብት ያለ አግባብ መብላት በፊርማ አይፈቀድምና። ዱቤ ለሻጭ ገበያ፣ ለገዢ መነሻ ነው። ያ መነሻ ለአንዱ ወጥመድ እንዳይሆን የሚጠብቀው የሻጩን ዕዳና የገዢውን ድርሻ አብሮ የሚያይ ውል ነው። ዐላሁ አዕለም።